የስድስት ሳምንቱ የሠፈር ውይይት አገልግሎት፦ ምኑ ይያዛል፣ ምኑ ይታረማል

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ለእድሮችና ለቤት ባለቤቶች ማኅበራት የሚቀርብ አንድ አገልግሎት አለ። ሥራው የሻከረ ጉርብትናን በውይይት መጠገን ነው። 24 ተሳታፊና 2 አወያይ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ3 ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት ይቀመጣሉ። በመጨረሻም ለአንድ የጋራ ሥራ የሚውል መጠነኛ ገንዘብ ይሰጣል። የሰጪውን ስምም ሆነ የብሎኩን ቁጥር አንጽፍም፤ በመጀመሪያው ቀን ለተሳታፊዎች የተገባው ቃል «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል» የሚል ነውና። ፍርዳችንን ግን አስቀድመን እንናገር። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፣ ማንኛውም እድር ቢወስዳቸው ይጠቀማል። ድክመቱ የሚጀምረው አወያዮቹ ወንበር ሰብስበው ከሄዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ሳይጻፉ መታለፍ የሌለባቸው ነገሮች አሉ።

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶና የመሳሰሉት መንደሮች የተሞሉት በዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ጎረቤት አያስመርጥም። በአንድ ደረጃ ላይ ከመሀል ከተማ የተነሣ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ከወሎ ወይም ከወለጋ ሸሽቶ ዘመዱ ዘንድ የተጠጋ ቤተሰብ፣ ከትግራይ የመጣች ተከራይ ይተላለፋሉ። ከመንደሩ ማዶ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ በተሠራበት መሬት ላይ ጤፍ ያርስ የነበረ የኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ይኖራል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት አስቁሟል፤ በሌሎች አካባቢዎች ግን ተኩሱ አልበረደም። ፕሪቶሪያ ላይ የፈረሙት የፌዴራል መንግሥቱና ህወሓት ናቸው። ደረጃ ላይ አንገቱን አዙሮ የሚያልፈውን ጎረቤት ወክሎ የፈረመ የለም።

ቁርሾው የሚታየው በትናንሽ ነገር ነው። እድር ለሁለት ይከፈላል፣ የቡና ጥሪ ይቀራል፣ የውኃ ቦቴ ሲመጣ ሰልፉ በሰፈርተኛና በ«መጤ» ይለያል፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚያበድር ይጠፋል። በሥልጠና ቋንቋ ይህ ሁሉ «የማኅበራዊ ትስስር መላላት» ይባላል። አወያዮቹ ይህን ቃል ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ትተው «ጉርብትና» ማለታቸው ጥሩ ነው። ጉርብትና ሁሉም የሚያውቀው፣ ግዴታውም መብቱም የታወቀ ነገር ነው፤ «ትስስር» ሲባል ግን ሰው ማስታወሻ ደብተር ማውጣት ይጀምራል።

የተሳታፊ አመራረጥ ከሁሉ በላይ ሥራ የሚጠይቅ ክፍል ሲሆን እዚህ ላይ አገልግሎቱ ከብዙዎች ይሻላል። በተለመደው አሠራር ወረዳው ስም ዝርዝር ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉትም በየሥልጠናው የሚገኙት ያው የኮሚቴ ሰዎች ይሆናሉ። የተጎዳው ሰው አይመጣም፣ ያስኮረፈውም አይመጣም። እዚህ ግን ስም የሚሰበሰበው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከእድር ዳኞች፣ ከሱቅና ከወፍጮ ቤት፣ ከውኃ ሰልፍ። ጥያቄውም «ማን ይምጣልን?» ሳይሆን «ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? ማንስ ነው ሲናገር ሌላው ዝም የሚለው? መጥቶ ይቀመጣል ብላችሁ የማትገምቱትስ ማን ነው?» የሚል ነው። በሁለት ዝርዝር ላይ የተገኘ ስም ይያዛል፤ ለሦስተኛው ጥያቄ ከተጠቀሱት ቢያንስ አራቱ እንዲጋበዙ ይደረጋል። 24ቱ ውስጥ 12 ሴቶች፣ 8 ከ30 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች ይገባሉ። ከኮንዶሚኒየሙ 12፣ ከገበሬው መንደር 12 ሆነው እኩል ይቀመጣሉ። ተከራዮች ግን በዝርዝሩ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው። «ነገ ይለቃሉ» ተብለው ይዘለላሉ፤ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ 12 ሰው ውስጥ ቢያንስ 4 ተከራይ ይሁን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቦታ ሌላው ነገር ነው። ስድስቱም ዙር በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ ቢካሄድ ገበሬው ሁልጊዜ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቅሬታውን አይናገርም፣ ያመሰግናል ይሄዳል። አገልግሎቱ ሦስቱን ዙር በአዳራሽ፣ ሦስቱን በገበሬው መንደር በእድር ድንኳን ያደርጋል። ወንበሩ ሁሉ አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ወንበር እንዲሆን ይጠነቀቃል፤ ለሽማግሌ የተለየ መደገፊያ ያለው ወንበር ካመጡ ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያመጣሉ። ክቡ 24 ሰው አንድ ላይ የያዘ ከሆነ ስድስት ሰው ብቻ ያወራል፤ ስለዚህ በ12 በ12 ተከፍሎ መጨረሻ ላይ ይገጠማል። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ይመስላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 የተራራቁ ወገኖች መገናኘት ፍሬ የሚያፈራው አራት ነገር ሲሟላ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ መጀመሪያ ያስቀመጠው በግንኙነቱ ውስጥ ሁለቱም እኩል ደረጃ እንዲኖራቸው ነው። የጋራ ግብ፣ ተባብሮ መሥራትና የሕግ ወይም የባለሥልጣን ድጋፍ ይከተላሉ። እኩልነት የሚጀምረው ደግሞ ከወንበር ነው።

በቋንቋ ጉዳይ የተማሩት ነገር ይታያል። ከሁለቱ አወያዮች አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ ይመራል። የስም ካርዶች በፊደልም በቁቤም ይጻፋሉ። ሽማግሌዎች «ጋሼ» እና «እትዬ»፣ «ኦቦ» እና «አዴ» ይባላሉ፤ አንድ ወጣት አወያይ አንድን አዛውንት «አንተ» ብሎ ቢጠራ የዚያ ቀን ውይይት እዚያው እንዳበቃ ይቆጠር። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። የተባለው ሁሉ ተራ በተራ ሲተረጎም ሦስቱ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ተርጓሚው ሲደክመው ደግሞ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ብቻ መተርጎም ይጀምራል። ያኔ አንዱ ወገን ሁሉን ሲሰማ ሌላው የሚሰማው ግማሹን ነው። በሦስተኛው ዙር ይህ ተከስቶ የድንኳኑ ግማሽ ክፍል ለሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀምጧል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተናጋሪው በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ይቁም፣ ተርጓሚዎች ሁለት ሆነው በየ30 ደቂቃው ይቀያየሩ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙ ሰዎች ከማይሰሙት አጠገብ ይቀመጡ።

ከሁሉ የወደድነው የውይይቱን ሰዓት በቡና መክፈላቸውን ነው። አቦል ሲቀዳ ሰላምታ፣ ምርቃትና ባለፈው ሳምንት የተባለውን ማስታወስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም አይከራከርም። የዕለቱ ጉዳይ የሚነሣው በቶና ነው። በረካ ሲመጣ አዲስ ቅሬታ አይጨመርም፣ የተስማሙበትና የቀረው ብቻ ይባላል። ማንም ሰዓት አይቆጣጠርም፤ ጀበናው ይቆጣጠራል። የተቆጣ ሰው ሲኒ ይዞ መጮህ ይከብደዋል። «በበረካ እንመለስበታለን» መባሉም «ጊዜ አልቋል» ከመባል ይልቅ ይሰማል። ምርቃቱ ከኦርቶዶክስ፣ ከሙስሊም፣ ከፕሮቴስታንትና ከአባ ገዳ በኩል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ማን ይቅደም የሚለውም በየሳምንቱ በዕጣ ይወሰናል። ዕጣው ካልተጣለ በመቅደምና በመከተል ብቻ አንድ ሳምንት የሚቆይ ቅያሜ ይፈጠራል።

ግን ቡናውን የሚያፈላው ማን ነው? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ከ12ቱ ሴት ተሳታፊዎች ሁለቱ ረከቦት አጠገብ ቁጭ ብለው ቆሉ፣ ወቀጡ፣ ቀዱ። ቶና ላይ ክርክሩ ሲጦፍ አንዷ ሲኒ እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና ብላ ልትናገር አፏን ስትከፍት አንድ ሰው «እትዬ፣ እዚህ ጋ አልደረሰንም» አላት፤ ሲኒውን ሰጥታው ዝም አለች። ያን ቀን የተነጋገሩት ስለ ውኃ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉ ላይ ሌሊት ተነሥታ የምትቆመው እሷ ናት። አወያዮቹ ይህን አይተው ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ከተሳታፊዎቹ ውጭ የሆነች ቡና አፍይ በክፍያ አምጥተዋል። አገልግሎቱን የሚወስድ እድር ይህን ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቅ። ለሕፃናትም አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ እናቶች በየአሥር ደቂቃው ይወጣሉ።

ምግቡ ሁልጊዜ የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዳቦ፣ ቆሎ። ሥጋ ቢቀርብ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ ትሪ አይበሉም፤ ጠላ ወይም ጠጅ ቢመጣም እንዲሁ የሚከፋው አለ። ከጾም ምግብ ግን ሁሉም አብሮ ይቆርሳል። ረመዳን ሲሆን ቡናውም ምግቡም ቀርቶ ውይይቱ ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር ይገጠማል። ቀኑን ዓርብ ማድረግ አይሆንም፤ እሑድ ጠዋትም ቤተ ክርስቲያንና የእድር ስብሰባ ይጋጩበታል። እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ለብዙው ሰው ተስማሚ ነው። አገልግሎቱ ቅዳሜ ጠዋት መምረጡ ቀን ሠራተኞችን አስቀርቶበታል፤ ስድስት ግማሽ ቀን ማለት የሦስት ቀን ደመወዝ ነው፤ ይህን መሥዋዕት አድርጎ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ይዘቱ። አንደኛው ዙር ደንብ ማውጣት ነው። ስልክ ጠፍቶ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀረጸ ድምፅ የተቆረጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቲክቶክ ላይ ከወጣች ስድስቱም ሳምንት ከንቱ ናቸውና። ሁለተኛው ዙር የሠፈሩን ካርታ በትልቅ ወረቀት መሳል ነው። በአረንጓዴ ማርከር ሰላም የሚባባሉበት፣ በቀይ ደግሞ መንገድ ቀይሮ የሚያልፉት ቦታ ይሰመራል። የሁለቱ ቡድን ካርታ ጎን ለጎን ሲሰቀል የሚታየው ነገር ከብዙ ንግግር ይበልጣል፤ አንዱ «ሰላም ነው» ብሎ አረንጓዴ የቀባውን ታክሲ ተራ ሌላው ሙሉ በሙሉ ቀይ አድርጎታል። ሦስተኛው ዙር ማዳመጥ ነው። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ 4 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ሰምቶ «እንዲህ ያሉኝ መሰለኝ፣ ተሳሳትኩ?» ብሎ መልሶ ይናገራል። ተናጋሪው «አዎ፣ ልክ ነው» እስኪል ድረስ መልስ መስጠት ክልክል ነው። ክርክር የለመደ ሰው መጀመሪያ ይህን መልመጃ እንደ ልጅ ጨዋታ ይቆጥረዋል። የራሱን ነገር ከባላንጣው አፍ በትክክል ሲሰማ ግን ፊቱ ይለወጣል።

በአራተኛው ዙር ቅሬታ ይነሣል፤ አገልግሎቱ በትክክለኛ ሰው እጅ መሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ነው። የእኛ ሽምግልና ትልቅ ሀብት ነው፤ የኦሮሞው ጃርሱማ፣ የሲዳማው አፊኒ፣ የወሎው አባጋር ሁሉ ከፍርድ ቤት በፊት ሰውን ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ግን አንድ የሚያስቸኩል ልማድ አለብን። ሽማግሌው ይነሣና «በሉ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ይላል፤ የተበደለው ሰው ደግሞ ለሽማግሌ እምቢ አይባልም ብሎ ያልተነካ ቂሙን ይዞ ይነሣል፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሆናል። አወያዮቹ እስከ አራተኛው ዙር ፍጻሜ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ማንም ከማንም እንዳይጠይቅ ይከለክላሉ። መጀመሪያ የደረሰው ነገር ይባል፣ ሌላው ወገን እንደሰማው ያረጋግጥ፤ ይቅርታው ከመጣ ራሱ ይምጣ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ይህን ንቀት አድርገው ይወስዱታል። ስለዚህ ከአራተኛው ዙር በፊት ለብቻቸው ቤታቸው ሄዶ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የካሳ ጉዳይ አብሮ መነሣት ነበረበት። በባህላችን እርቅ ያለ ካሳ ጎዶሎ ነው፤ በኦሮሞ ጉማ ሥርዓትም የፈሰሰ ደም የሚደርቀው በካሳ ነው። አገልግሎቱ «እኛ ካሳ አንነካም» የሚለው በአራተኛው ዙር መካከል ነው፤ ያኔ የሰዎቹ ተስፋ ከፍ ብሎ ነበር። ይህ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነገር አለበት። ደቡብ አፍሪካ በዚህ ተፈትናለች። ከአፓርታይድ በኋላ በዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ከ21 ሺህ በላይ ተጎጂዎችን ቃል ሰምቶ ለስድስት ዓመት የሚከፈል ድጎማ እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ መንግሥት ግን ዓመታት አልፈው እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰነው የአንድ ጊዜ 30 ሺህ ራንድ ክፍያ ነው። ለኮሚሽኑ ቃሉን የሰጠው ተጎጂ የሚያስታውሰው ያንን ነው።

ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ። የቆሰለ ልብ በአደባባይ ሲከፈት ለመንደሩ የሚበጀው ነገር ለሰውየው ላይበጅ ይችላል። ሴራሊዮን ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ200 መንደሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የእርቅ ሥነ ሥርዓት የተካሄደባቸው መንደሮች ይቅር ባይነታቸውና ለጋራ ሥራ የሚያዋጡት ጨመረ፤ በዚያው ልክ ግን ድብርት፣ ጭንቀትና ከአሰቃቂ ገጠመኝ የሚከተለው ሕመም በግለሰቦቹ ላይ ባሰ። ውጤቱ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም አልጠፋም። ስለዚህ ክብ ሠርቶ «የደረሰብህን ሁሉ ተናገር» ማለት አይቻልም። እዚህ አገልግሎቱ ሠፈር ውስጥ የሆነውን ብቻ ያናግራል፣ የጦር ሜዳ ወይም የስደት ታሪክ እንዲተረክ አይጠይቅም፤ ይህ ትክክል ነው። ጉድለቱ፣ አንድ ሰው ሳያስበው ሲከፈትስ የሚል ዝግጅት አለመኖሩ ነው። ከአራተኛው ዙር በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ እንዳለው ይጣራ፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር የሚጻፈው በማን እንደሆነ ይታወቅ፣ በዕለቱም ለብቻ የሚያናግር ሦስተኛ ሰው ከአዳራሹ ውጭ ይቀመጥ። በሳምንቱ መሀል ደግሞ ከባድ ነገር የተናገረውን ሰው ቤቱ ሄዶ መጠየቅ። ሁለት ቀን ሳያልፍ።

አምስተኛው ዙር ስለ ወሬ ነው፤ አጭር ግን በጣም ጠቃሚ። ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሰው ይመረጥና ስልክ ይለዋወጣሉ። «እነ እገሌ ሊመጡብን ነው» የሚል ነገር ሲሰማ መጀመሪያ ከማዶ ላለው ሰው ይደወላል፤ ማጋራት ክልክል ነው። ተጠያቂው በአንድ ሰዓት ውስጥ በዓይኑ አይቶ ወይም ካየ ሰው ጠይቆ ይመልሳል። የተሰማው፣ የተጣራውና የተመለሰው በአንድ ደብተር ይጻፋል። ለልምምድ ሁለት የፈጠራ ወሬዎች ይለቀቃሉ። ልብ ይባል፤ ወሬው ልምምድ መሆኑ አስቀድሞ ለሁሉም መነገር አለበት፣ ይዘቱም የብሔርና የሃይማኖት ነገር ሳይሆን እንደ «ነገ ውኃ አይመጣም» ያለ ይሁን። ይህ አሠራር የሚፈተነው ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ለዚህ አይመረጥ።

ስድስተኛው ዙር የጋራ ሥራውን ይመርጣል። የተመረጠው የፍሳሽ ቦይ ነበር። ከብሎኮቹ ጀርባ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል። የ60 ሜትር ቦይ በድንጋይ ግንብ እንዲሠራ ተወሰነ። 12 ጥንድ ሆነው፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከኮንዶሚኒየም አንዱ ከመንደር፣ ለየጥንዱ 5 ሜትር ደረሰው። ቁልቁለቱ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን በቀጭን የውኃ ጎማ ተለካ፤ ለግንቡ ማያያዣ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ ተቦካ። ጥሩ የሆነው ነገር አንድ ደንብ ነው፦ በጉልበት ፋንታ ገንዘብ አይቀበሉም። ደንቡ ባይኖር ኮንዶሚኒየሙ ብር ያዋጣል፣ ገበሬው ይቆፍራል፤ አሠሪና ቀን ሠራተኛ ይሆናሉ፣ እኩልነቱም እዚያው ይቀበራል። መቆፈር የማይችል ውኃ ያቀብላል፣ ድንጋይ ይመርጣል። በሩዋንዳ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት የሚደረገው ኡሙጋንዳ የተባለ የጋራ ሥራ በሕግ የታዘዘ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። እዚህ የሚያስገድደው በጥንድ መመደቡ ነው፤ አንዱ ከቀረ ሌላው ብቻውን 5 ሜትር ይዞ ይቆማል፤ ያ ጓደኛውን በስሙ ይጣራል።

ቦዩ ግን 60ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ውኃው የት እንደሚፈስ አልታሰበም ነበር። ጫፉ በውይይቱ ውስጥ ወኪል ያልነበረው የአንድ ሦስተኛ ቤተሰብ መሬት ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አዲስ ጠብ ተወለደ። አገልግሎት ሰጪው በውሉ መሠረት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ሲደወል የተሰጠው መልስ «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ነገሩን ያበረዱት በአምስተኛው ዙር ስልክ የተለዋወጡት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እስኪቆፈር ድረስ የቦዩን ጫፍ በአሸዋ ከረጢት አዙረው ያዙት። ስለዚህ አገልግሎቱ የተከለው ነገር ሠርቷል ማለት ይቻላል። ግን ያንን ለማየት ሰጪው አልነበረም።

አብሮ መሥራት ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ማጋነን አይገባም። ሰልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ በኢራቅ ከአይሲስ ሸሽተው የተፈናቀሉ ክርስቲያኖችን ከሙስሊሞች ጋር በአንድ እግር ኳስ ቡድን አሰልፋ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከሙስሊም ጋር የተጫወቱት፣ ካልተጫወቱት ይልቅ፣ በሚቀጥለው የውድድር ወቅትም በተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ ፈቀዱ፣ ከስድስት ወር በኋላም አብረው ይለማመዱ ነበር። ከሜዳው ውጭ ላለ ለማያውቁት ሙስሊም ያላቸው አመለካከትና አካሄድ ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ቦዩን አብሮ የቆፈረ ሰው የቆፈረውን ሰው ይወዳል፤ መንደሩን ሁሉ አይደለም። አንድ ሥራ አይበቃም ማለት ነው። በየሦስት ወሩ ጥንዶቹን እየቀየሩ መቀጠል ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በአገልግሎቱ ውስጥ የለም።

ስለ ወረዳ ባለሥልጣናት አንድ ነገር። በመሀል ዙሮች ቢቀመጡ ሰው አይናገርም። ጨርሶ ካልተጠሩ ደግሞ ስምምነቱ የሚያስፈጽመው አያገኝም። በአንደኛው ዙር ለ15 ደቂቃ ከፍተው እንዲወጡ፣ በስድስተኛው መጥተው በስማቸውና በቀን የተወሰነ ነገር እንዲፈርሙ መደረጉ ልክ ነው። የውሎ አበልን በተመለከተ አገልግሎቱ የሚከፍለው የታክሲ ብቻ ነው፤ ይህም ልክ ነው። አበል ከተጀመረ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ አበል የሚመጣ አይኖርም፤ እድሩም የራሱን ስብሰባ መጥራት ያቅተዋል።

ውጤት መለኪያው ደካማ ነው። በመጀመሪያና በመጨረሻ የሚሞላው ቅጽ «ጎረቤትዎን ያምናሉ?» ይላል፤ ደግ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል፤ ሻይና ዳቦ በልቶ ማን «አላምንም» ይላል? የሚለካው ሰው ያደረገው ነው። ለስድስት ወር ሁለት ነገር ይቆጠር። ከማዶው ወገን ለቅሶ ስንት ሰው ደረሰ፣ የእድሩ ድንኳንና ወንበር ስንት ጊዜ ወደ ማዶ ተሻገረ። የመጀመሪያውን የእድር ጸሐፊ በመዝገቡ ይይዘዋል፤ ሁለተኛው በዕቃ ቤት ደብተር ላይ አለ። አዲስ ቅጽ አያስፈልግም።

ለመውሰድ የምታስቡ እድሮች ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አስጽፉ፤ ከስድስተኛው ዙር በኋላ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር አወያዮቹ ተመልሰው እንዲመጡ፤ ለጋራ ሥራው የሚሰጠው ገንዘብ ሩቡ ለጥገናና ላልታሰበ ችግር እንዲቀመጥ፤ ሥራው የሚነካቸው ቤቶች ሁሉ፣ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ጭምር፣ ከመጀመሩ በፊት ፊርማቸውን እንዲሰጡ። የመሬት ሥራ ያለው ከሆነ ደግሞ ጥር ላይ ጀምሩት። ስድስት ሳምንት ተወያይቶ ሦስት ቅዳሜ ቆፍሮ ግንቡ እስኪደርቅ ሚያዝያ አካባቢ ትሆናላችሁ፤ ክረምቱ ሳይገባም ቦዩን በሁለት በርሜል ውኃ መፈተሽ ይቻላል።